የስኳር ክር

ነፋሱ ዛሬም አልተኛ፤ የአዳማ ነፋስ መች ሊተኛ፣
ቆርቆሯችንን ይደበድባል፣ ደሞዝ እንዳጣ ሠራተኛ።
ከገበያ ይዤ የመጣሁት ሃያ ሎሚ፣ ስምንት ብርቱካን፣
ሁለት ኪሎ ስኳር በፌስታል፤ ዋጋውንማ ተዉን።
አንዷ ሎሚ ባጃጅ ውስጥ ከእጄ አምልጣ ተንከባልላ
ሾፌሩ እግር ሥር ገባች። «የኔ ድርሻ» አለ። ምን ልበላ!

አባቴ ወንበሩን ከበረንዳ ወደ ኩሽናው በር አዞረ፤
ላምቤቦ፣ ወንጂ ፋብሪካ
ሠላሳ ስምንት ዓመት ስኳር ሲያበስል የኖረ፤
አሁን በተራው ስኳር እሱን የሚያበስለው፣
ጠዋት መርፌ፣ ማታ መርፌ፣
ሻዩ ባዶ፣ ዳቦው በልክ የሚቆረጥለው።
«ስኳር አለብኝ» ይላል ለጠየቀው፣ ዕዳ እንዳለበት ሰው።
ያን ሁሉ ኩንታል አስረክቦ፣ ምን ቀርቶበት ነው የሚከፍለው?

ልጣጩን በስሱ ላጥኩ፣ ነጩ አብሮ እንዳይመጣ፤
መራራው እዚያ ነው ያለው፤ ቢጫው ብቻ ነው ሽታ የሚያወጣ።
ዘይቱ ጥፍሬ ሥር ገባ፤ አየሩ ራሱ ጎመዘዘ፤
የጎረቤት ድመት አስነጠሳት፤
አባቴ አንገቱን መዘዘ።

«እኩል ነው?» አለኝ።
«እኩል ነው። አንድ ኩባያ ውሃ፣ አንድ ኩባያ ስኳር።»
«እሳቱስ?»
«ዝቅ ብሏል።»
«ከሟሟ ወዲያ እንዳትነኪው። ማንኪያ የጎነተለው ስኳር
ያኮርፋል፤ ተመልሶ አሸዋ ነው።»
ይህን ሁሉ የሚለኝ ዓይኑን ጨፍኖ ነው።

ድስቱን በጆሮው ነው የሚያየው።
መጀመሪያ የካፊያ ድምፅ አለው፣ ይላል፣ ውሃው ገና ውሃ ሳለ፤
ከዚያ አረፋው እየከበደ ያዛጋል፣ እንቅልፍ እንደያዘው የሌሊት ተረኛ።
እኔ የምሰማው ቆርቆሮ ብቻ። ያንኑ ሠራተኛ።

እናቴ ትርንጎ ትባል ነበር።
ሲያገባት የፈረቃ ጓደኞቹ እንዲህ ብለው ቀለዱ አሉ፦
«የስኳር ሰው ትርንጎ ካገባ፣ ማርማላታ ይወልዳሉ!»
የተወለድኩት እኔ ነኝ።
እሷ ግን ጣፋጭ አትወድም ነበር። የሸንኮራው ማሳ ሲቃጠል፣
ጥላሸቱ እንደ ጥቁር ላባ ከሰፈሩ በላይ ሲንጠለጠል፣
ያጠበችውን ልብስ ከገመድ አውርዳ እንደገና ታጥባለች፤
«ነጩን ስኳር እናንተ ብሉት፤ ጥቁሩ ለኔ ደርሷል» ትላለች።

«አሁን ሎሚውን ጨምቂበት» አለ። «ጥቂት። ጎምዛዛ ካልገባው
ጠርሙሱ ውስጥ ይደርቃል፤ በሳምንቱ ድንጋይ ነው የምትቀጂው።»
ፈገግ ስል አየኝ።
«ተረት መሰለሽ እንዴ? ሥራ ነው የማወራሽ።»

ነገ ጠዋት ለፈትያ ጁስ ቤት ስድስት ጠርሙስ አስረክባለሁ፤
ጠርሙሶቹን ቀቅዬ መስኮቱ ላይ ደፍቻለሁ።
«ክሩን አሳዪኝ» ብሎ እጁን ዘረጋ።
ጠብታ በሳሕን ላይ አበረድኩና ሰጠሁት፤
በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መሃል ይዞ ቀስ ብሎ ከፈተው።
ክር ወጣ። ቀጭን፣ የብርቱካን ቀለም ያለው፤
ብርሃኑ ላይ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና ተበጠሰ።
«ልኩ ይኸው ነው» አለ። «ከዚህ ካለፈ ከረሜላ ነው። አውርጂው።»

አወረድኩት።
ጣቱ ላይ ግን ቀርቷል። ያየዋል።
አሮጌው ፋብሪካ ከቆመ ስንት ዓመቱ፤
ጣቱ ግን ገና ሥራ ላይ ነው።
ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፣ ጠርሙሶቹን ልቆጥር።
ስድስት ናቸው።
ደግሜ ቆጠርኩ። ስድስት።
ነፋሱ እንኳ ለጊዜው ተወት አደረገ።

ዞር ስል እጁ ጉልበቱ ላይ ነው፣ ጣቱ ንጹሕ።
«ሎሚው ትንሽ በዝቶበታል» አለኝ።