አንበሳ ያላየ እጅ

እመቤት አቪስያ ጥቁር ለብሳ መጣች፤
ከመቀነቷ ፈትታ ብሩን ቆጥራ ሰጠች።
«ባሌን ከድንጋይ ጥረብ፤ ጋሻው በግራ ይሁን፣
መዳፉ ተጋጥሞ ይለምን ምሕረቱን።
ከእግሩ ሥር ግን አደራ፣ አንበሳ አስተኛለት፤
ጀግና ሰው ነበረ፣ ይኸ አይጉደልበት።»

እሺ አልኳት። ግን እኔ፣ የሰቨርን ዳር ሰው፣
አንበሳ የት አውቄ? በየት በኩል ላምጣው?
አንበሳ የማውቀው ከጋሻ ላይ ቀለም፤
ግሳቱንም ቢሆን፣ ከቄስ አፍ ነው እንጂ ከዱር ሰምቼ አይደለም።

ስሙ ሃሞ ነበረ፤
ሐሞት ሊባል ሲል አንድ ፊደል የቀረ።
ያቺ የጎደለች «ት»፣ ሰይፍ መሳይዋ ፊደል፣
ከወገቡ ነበረች፣ ታጥቋት ለመጋደል።
ሦስተኛ ልጅ ነበር፤ መሬቱ ለታላቁ፣
ቅስናው ለመሐሉ፣ ለሱ ፈረስ ከነትጥቁ።
ጋስኮኝ ወርዶ ዘምቶ ዓመት ሙሉ ቆየ፤
ሁለት ጣቱን ሰጥቶ ማዕረግ ይዞ ታየ።
ንጉሡም ጠራና ማኅተም አስያዘው፦
«ሽሮፕሺር ያንተ ነው፤ ሸሪፍ ሆነህ ግዛው።»

«ሲሾም ያልበላ ሰው ሲሻር ይቆጨዋል» —
ይህን ተረትማ፣ እኛ ቤት በሬም ያውቀዋል።

ቦራው በሬያችን ነው። ለሦስት ሽልንግ ዕዳ፣
በሚካኤል ማግሥት ነዱት በማለዳ።
ሃሞ ከፈረሱ ላይ አልወረደም ከቶ፤
ጸሐፊው ቆጠረ፣ በትር ላይ ጭረት አበጅቶ።
ሰነጠቀው በትሩን፣ አንዱን ክፋይ ሰጠን፤
በሬ ሄዶ እንጨት መጣ፤ በዚህ ተለዋወጥን።
እናቴ ያን እንጨት እሳት አልማገደችም፤
በዚያ ብርድም ቢሆን ከራስጌዋ አላነሳችም።
በሬው ዞሮ አየን፣ ከመታጠፊያው ላይ፤
ዓይኑ ትልቅ ነበር፤ እርጥብ፤ የኩሬ ውሃ መሳይ።
ስድስት ዓመቴ ነበር።

ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ ሁለት ክረምት ሙሉ፣
አጃው ቆሞ ሻገተ፣ በጉም አለቀ ከነግልገሉ።
ሃሞ በዚያ ዓመት ደጃችን ላይ ቆመ፤
እናቴን አየና፣ ምንም ሳይል ዞሮ ዳገቱን አዘገመ።
ጸሐፊው ቢላውን እንደያዘ ቀረ።

በፋሲካ፣ ለንደን፣ የሰንጠረዥ ጨርቅ ዘርግተው ጠበቁት፤
ግዴታውን በጠጠር በየቤቱ ቆጥረው፣ ካመጣው ጋር አስተያዩት።
ጎደለ።
አርባ ቀን ታሰረ፣ ከሌባ ጋር አንድ ቤት።
ሰዉ ግማሹ «በልቶት ነው»፣ ግማሹ «ምሮን ነው» አለ፤
ሰንጥቀው አወሩት፤ ሁለቱን ገጥሞ ያየ ግን የለ።
እናቴን ጠየቅኋት።
«እኔ አላውቅም» አለች። «በሬው ግን አልተመለሰም።»

ሞተ። በጦር አይደለም፤ ጥርሱ አብጦ ነው፣ ባልጋው፤
አንገቱን ያተረፈ ሰይፍ መንጋጋውን አላዳነው።

አሁን መሮ ይዤ ፊቱን እፈልጋለሁ።
እመቤቴ «ዐሥሩም ጣት ይሙላ» ብላኛለች፤
ስምንት ነው የጠረብኩት፤ መሮዬ እምቢ አለች።
ከእግሩ ሥር ደረስኩ። ጎፈሩን አበጀሁ፣
ጅራቱን ጠመዘዝኩ፣ ጥፍሩን አወጣሁ።
ዓይኑ ላይ ስደርስ ግን
እጄ ሌላ አያውቅም፤ የሚያውቀውን አመጣ፤
ከዚያ መታጠፊያ ዞሮ ያየን ዓይን፣ ከድንጋዩ ወጣ።
ግንባሩን ቦራ አላልኩትም። ድንጋዩ ሁሉ ነጭ ነው፤
ከነጭ ላይ ነጭ ኮከብ፣ ማን ሊለየው?

ትናንት ልታይ መጣች። ዞረችው ሁለቴ።
«ምነው ይሄ አንበሳ እንዲህ አዘነ?»
«አንበሳ እንዲህ ነው፣ እመቤቴ።»
እሷስ የት አይታ!
ዝም ብላ ቆመች፣ ጓንቷን በእጇ ይዛ፤
ጎፈሩን ዳበሰች፣ እንደ ከብት፣ እንደ ጥጃ።

ሃሞ በጀርባው ተኝቷል፤ እግሩ ወደ ምሥራቅ ነው።
የፍርድ ቀን፣ መለከት ሲነፋ፣ ቀና ሲል፣
መጀመሪያ ይኼን ዓይን ነው የሚያየው።