በየአራት ሰዓቱ

በየአራት ሰዓቱ ስልኩ ይጮሃል፤
የእማዬ እጅ ከእሷ ቀድሞ ይነሳል።
ሳሙና፣ ለብ ያለ ውሃ፣ ቀጭን ቱቦ፣ ጣሳ፤
ረምዚ ጣራ ጣራ ሲያይ፣ ገላውን ሲረሳ።

ሲወለድ ወገቡ ላይ ስስ ከረጢት ነበረች፤
ሐኪም ሰፍቶ ዘጋት፣ ጠባሳ ሆና ቀረች።
"ክኒን ነበረ፣ ሳታረግዢ" አላት አንዱ፣ ፎሊክ አሲድ የሚሉትን፤
እስከ ዛሬ ትቆጥራለች ማንም ያልሰጣትን፣ እሷ ያልዋጠችውን።

እኔ ያኔ ስድስት ዓመቴ።
አንድ ጠዋት "እግሬን አሞኛል" ብዬ ተኛሁ፤
እማዬ አልተቆጣችም። ዝም ስትል ፈራሁ።

አባዬ በባጃጁ ከሳቢያን ለገሃር ሲመላለስ አመሸ፤
ሰዉ "ታታሪ" ይለዋል፤ ከዚያ ጩኸት ነው የሸሸ።

ደቻቱ ሲደርቅ በአሸዋው አዝዬው ስሻገር፣
ከጆሮው ኋላ የተቀበረችው ቧንቧ ጉንጬን ትነካኝ ነበር።
"ፍጠኚ አንቺ አህያ!"
"ዝም በል አንተ ጆንያ!"
ሲወደኝም ሲጠላኝም ያው ጀርባዬ ላይ ነው፤
እየተሰዳደብን እንደርሳለን ወዲያ።

ዘንድሮ ሚያዝያ፣ ሙቀቱ ቆርቆሮ ሲያንጣጣ፣
ክፍል ውስጥ ሱሪው ረጠበ።
አንዱ አፍንጫውን ያዘ። ሌላው አጨበጨበ።
ሦስት ቀን ፊቱን አዙሮ የግድግዳ ቀለም በጥፍሩ ላጠ፤
እማዬ ያጎረሰችውን እንኳ በግድ ዋጠ።
በአራተኛው ቀን ስልኩ ሲጮህ "ስጪኝ" አለ።
"ምኑን?"
"ቱቦውን።"
በክርኑ እየተሳበ ገብቶ ዘጋ መጋረጃውን።

ሳሙና የነካ እጇን እንደ ሰው ዕቃ ይዛ እማዬ ከውጭ ቆመች፤
አሥር ዓመት የለመደ እጅ የት እንደሚቀመጥ አላወቀች።
የባጃጁ ሞተር ጠፋ። አባዬ ገባ፤ ማንም አልጠራውም።
ለካ እሱም ይቆጥር ኖሯል፤ አንድም ቀን ሰዓቱን ረስቶት አያውቅም።

ጠብ። ጠብ።
ከዚያ ጣሳው እንደ ክረምት ጣራ ጮኸ።
ሦስታችንም ትንፋሻችንን ውጠን።
"እየሰማችሁኝ ነው እንዴ? ሂዱልኝ እንጂ!" አለ፤
አባዬ ሳቁን ሊደብቅ ሲል አሳለ።

እማዬ ግቢ ወጣች። የታጠበ ፎጣ ደግማ አጠበች።
አሰጣችው።
ከዚያ በርጩማ ስባ፣ ዘወር ብላ፣ እኔን አየች።
"ነይ፣ ፀጉርሽን ልሥራልሽ።"
አሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ስንት ዘመኔ፣ ራሴ ነው የምሠራው።
ሄጄ ከጉልበቷ ሥር ተቀመጥኩ።
እጇ ገና የሳሙና ሽታ አለው።
አጥብቃ ስትጎትተው ያማል።
አሞኛል አላልኩም።