ወይን ጠጅ መስኮት

ከአራዳ ዝቅ ብሎ፣ ጀርባውን ለድንጋይ ሰጥቶ፣
በዳገቱ ሆድ ውስጥ ገብቶ፣
አንድ ክፍል አለኝ በኪራይ።
መስኮቷ አንድ፤ የምታየው የጎረቤት ግድግዳ፤
ፀሐይ ጠዋት በአራት ሰዓት፣ እንደ ቸኮለች እንግዳ፣
ሩብ ሰዓት ያህል ብቅ ትልና
"ቤቶች!" ሳትል ትመለሳለች በመጣችበት ጎዳና።

ጤና አዳም ተከልኩ፤ ገርጥቶ ሞተ።
በሶብላ ዘራሁ፤ አንገቱ ቀጥኖ፣ ረዝሞ፣
ብርሃን ፍለጋ ወደ ቁልፉ ቀዳዳ ተጎተተ።
አከራዬ ጋሽ መኳንንት፣ ደጃፌ ላይ ቆመው አይተውት፣
"ይኸን ቤት እኮ ለሰው ነው እንጂ ለቅጠል አላከራየሁት"
ብለው ጋቢያቸውን አጣፍተው ሄዱ።

ሥራዬ ሌሊት ነው፣ ሆስፒታል፣ ከጨቅላዎቹ ክፍል።
አንዳንዱ ልጅ ቢጫ ሆኖ ይመጣል፣ እርድ የነካው ይመስል፤
ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኜ፣ ራቁቱን፣ ዳይፐር ብቻ አስሬ፣
ከሰማያዊው መብራት ሥር አስተኛዋለሁ፣ ሰዓቱን ቆጥሬ።
"ፀሐይ አይሻለውም ሲስተር?" ትላለች እናት ሲጨንቃት።
"ነሐሴ ነው እህቴ፤ ፀሐይዋን ከየት ላምጣት?"

አንድ ሌሊት፣ የእጄ ጓንት በዚያ ብርሃን ሰማያዊ ሆኖ ሳለ፣
ያ አንገተ ረጅም በሶብላ ፊቴ መጥቶ "እኔስ?" አለ።

ደመወዝ የወጣ ለት ፒያሳ ወጣሁ፣ አምፖል ሻጩ ዘንድ፤
ቀይና ሰማያዊ ጥርስ ያለው ዘንግ፣ ርዝመቱ አንድ ክንድ።
"ለጭፈራ ቤት ነው?" አለኝ ልጁ እየሳቀ።
"ለቲማቲም።"
ሳቁ አለቀ።

ሦስት ማታ በራ። በአራተኛው ሰፈሩ አፍ አወጣ፤
አንዱ "ቃልቻ ገባ"፣ ሌላው "ግሮሰሪ መጣ"፤
"ነርሷማ ጨዋ ነበረች" ያለችም አልጠፋች።
መስኮቴ ግን ሐሜቱን ሰምታ፣ ዝም ብላ በራች።

ጋሽ መኳንንት ቆጣሪውን ሊያዩ በየማታው ይመጡ ጀመር፤
"ካርዱን ጨረሰው!" ይላሉ፣ ሞራ በጋረደው ዓይን ሲያጮልቁ ከሥር።
ከዚያ ዱካ ስበው ቁጭ።
"ሌላው ሁሉ ጉም ነው፤ ይኸ ቀለም ግን ይታየኛል" አሉኝ አንድ ለት፤
የዚያን ማታ ካርዱን ረሱት።

ንብ የለ፣ ነፋስ የለ፤ ከአበባ አበባ በጆሮ ጥጥ
እየነካሁ ንብ ሆንኩ እኔው፤ አዋላጅም ሆንኩ ያለ ምጥ።

ከዚያ መብራት ሄደ። "ሄደ" እንላለን እኛ፣
እግር እንዳለው፣ እንዳኮረፈ ጓደኛ።
አንድ ቀን። ሁለት ቀን። ሦስት።
ሆስፒታሉ ጄኔሬተር አለው፤ ልጆቼ ከሰማያዊ ሰማያቸው ሥር አደሩ፤
የቤቶቹ ግን በጨለማ ቀሩ።

በሦስተኛው ጠዋት ከሥራ ገብቼ፣
ቲማቲሞቹን ከደጃፍ አውጥቼ፣ እንደ ድንጋይ ተኛሁ።
የሆነ ነገር ሲፈጭ፣ ሲጎተት ሰምቼ ነቃሁ፤
ጋሽ መኳንንት ናቸው፣ ጎንበስ ብለው፣ በንጣፉ ድንጋይ ላይ
የአፈር ባልዲ ይጎትታሉ፣ እያሳደዱ ፀሐይ።
እሷ ስንዝር ስትሸሽ፣ እሳቸው ስንዝር ይገፋሉ፤
"ነይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?" ይላሉ።
መጋረጃውን መልሼ ተኛሁ። የተኛሁ መሰልኩ።

የመጀመሪያዋ ፍሬ ብይ ታክላለች፤ ቆዳዋም ወፍራም ነበር።
ለሁለት ከፍዬ በጨው አቀረብኩ፣ ከእሳቸው ጋር ልሞክር።
አኝከው፣ አኝከው፣
"ካርድ ካርድ ትላለች" አሉ።
ከከንፈራቸው የቀረውን ዘር ግን
በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።

መብራት መጥቷል አሁን። መስኮቴም ወይን ጠጅ ናት።
ቲማቲሙ ግን ያን ሁሉ ጥርስ ብርሃን ትቶ
አንገቱን ወደ በሩ አዙሯል።
ማንን እንደሚጠብቅ አልጠየቅሁትም።