ግማሽ ቃል

ኤድመንተን በረዶ፣ ከሌሊቱ ሰባት፤
ስልኬ ላይ ደረቀ የውባንተ ፊት፤
አፉ እንደ ተከፈተ፣ ዓይኑ እንደ ተጨፈነ፣
"ተወ—" ብሎ ቀረ፤ ቃሉ ግማሽ ሆነ።

አድና ወሯ ገብቷል። ተወለደ ይሆን?
ወይስ ተወሰደ? ማን? ወዴት? ምኑን?

ደብረ ታቦር ላለው መስመር ከፋይዋ እኔ ነኝ፤
አራት ሜጋ ይላል ውሉ፣ "ያልተገደበ" ይላል፤
ላሚቱ ሰማይ ላይ፣ የወተቷ ሂሳብ በየወሩ ይደርሰኛል።

"አጥፍተህ አብራው" አልኩት፣ ለደረቀው ፊት።

የእኔው ራውተር ጥግ ላይ በአረንጓዴ ሲስቅ
አነጋሁ፣ የአንድ ቃል ጭራ ስጠብቅ።

ጠዋት መልእክት ገባ፦
"አድና ደህና ናት፣ ገና ነው።
ቅድም ልልሽ የነበረው የኔቱን ዋጋ ነው፤
ተወደደ።"

ከፈልኩ።
ያ ልጅ፣ ገና ሳይወለድ፣
ተወደደ።