ባትሪ ያዥ

ስሟ ቦራ ነው፤ ገላዋ አረንጓዴ፣ ግንባሯ ነጭ፣
መሐል ሜዳ ላይ ከሁሉ ቀድሞ የሚያገኛት የኅዳር ውርጭ።
ድሮ የወባ ማጥፊያ ነበረች፤ እስከ ሸዋ ሮቢት የወረደች፣
የመድኃኒት በርሜል ጭና ስንቱን ቆላ የረገጠች።
ሾፌሯ አባቴ ነበር።
በጨረታ ሲሸጧት ቆሞ ማየት አቃተው፤
እናቴ ለቤት ክዳን ያጠራቀመችውን ብር ይዞ ወጥቶ
ማታ በቦራ ገባ፣ ከሩቅ ጥሩምባ ነፍቶ።
ያን ክረምት ጣራችን አፈሰሰ። እናቴ ባልዲ እየደቀነች
"እኛ ስንረጥብ መኪናህ ደረቀች" አለች።
እውነቷን ነው። ለቦራ ዳስ ነበራት፤
ማታም የመንዝ ባና፣ ወፍራሙ፣ ኮፋኖዋ ላይ ይደረብላት።

ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ሥራዬ ባትሪ መያዝ ነበር፣
እሱ በጀርባው ተንጋሎ፣ እግሩ ብቻ ሲታይ ከበሩ ሥር።
"ወዲህ አብሪ!"
"ወዴት?"
"እጄን ተይው፣ ዳዶው ላይ!"
"አሁንስ?"
"ዓይኔን አጠፋሽው እኮ፣ የኔ ፀሐይ!"
ስሞቹን ከሀሁ ጋር እኩል ነው የቆጠርኩት፤
ካንዴላ፣ ባሌስትራ፣ ጓርኒሲዮን እያልኩ ያደግኩት።
ፍሪሲዮን ግን ለረጅም ጊዜ ደብረ ሲና ያገባች አክስቴ ትመስለኝ ነበር፤
"ፍሪሲዮን አስቸገረችኝ" ሲል እሰማለሁ፣ "ዘንድሮስ አታከርም" ሲል ለጎረቤት ሲናገር፤
አዝንላት ነበር።

ተፈታ፣ በጋዝ ታጠበ፣ ተገጠመ።
ሁሌ አንድ ብሎን ይተርፋል።
"የእንግዳ ድርሻ ነው" ይልና ወደ ወተት ጣሳው ይወረውረዋል።
ጣሳው ዛሬ እስከ ገደፉ ሞልቷል፤
በያጁ ላቀው ሲያየው
"ከዚህስ ሌላ ቦራ ይወጣል" ይላል።

ዘንድሮ የአባቴ ጉልበት እምቢ አለ፤ እኔ ነኝ ከሥር የገባሁት፣
የማስተማሪያ ጋዋኔን ገልብጬ፣ ካርቶን አንጥፌ የተኛሁት።
የነዳጅ ጋኗ ያነባል፤ በልብስ ሳሙና ደፈንኩት።
ባሌስትራዋ ከጣርማ በር ስትመለስ ተሰንጥቃለች፣
እስከ ቅዳሜ ገበያ በበሬ ጠፍር ታስራ ትቆያለች።
ቀሪው ፍሬኑ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ጀመርን።
ባትሪውን የያዘው እሱ ነው፤ ብርሃኑ ይንቀጠቀጣል፣
አንዴ ጎማው ላይ፣ አንዴ ጭቃው ላይ፣ አንዴ ዓይኔ ውስጥ ይገባል።
"ወዲህ" ልለው አፌ ድረስ መጣ። ዋጥኩት።
ዳዶውን በዳሰሳ አገኘሁት፣
በጣቴ ጫፍ ጀምሬ በቁልፍ አጠበቅኩት።
"ይታይሻል?" አለኝ።
"እንደ ቀን" አልኩት።

ሞተሪኖዋ ከሞተ ሰንብቷል፤ ስለዚህ ቦራ
አፍንጫዋን ቁልቁል ሰዳ ነው የምታድረው፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ተደግፋ።
ድንጋዩን አነሳሁ። ባናውን ገፈፈላት።
ተንሸራተተች፣ ፍጥነት ያዘች፣
ሁለተኛ ማርሽ ላይ ፍሪሲዮኑን ስለቅ
ተንተባተበች፣ ሳለች፣ እንደ መተኛት አለች፤
ከሽማግሌው ቤት አጥር ስትደርስ
ሰማያዊ ጭሷን ተፍታ ተነሳች።
ውሾች ጮኹ። አንድ በግ አጥር ዘለለ።

በመስታወቱ አየሁት፤ ባናውን ትከሻው ላይ ጥሎ
እዚያው ቆሟል። ፀሐይ ከወጣች ቆይታለች፣
ውርጩ ከሣሩ ላይ መንጠባጠብ ጀምሯል፣
እሱ ግን ባትሪውን አላጠፋም፤
በቀን ብርሃን ያበራልኛል።

ዳገቱን ጨርሼ መሐረብ ፍለጋ ኪሴ ብገባ
አንድ ብሎን።
ከየት እንደሆነ እንጃ።
ጣርማ በር ደግሞ ገና ነው፤ ቁልቁለቱም ከዚያ በኋላ።
ፍሬኑን ረገጥኩት።
ያዘ።
ደግሜ ረገጥኩት።