ሁለት ጣት

በሰኔ አጋማሽ ማጨጃው ታመመ፤
ከትራክተሩ ኋላ አጓራ፣ አዘመመ፤
መሪው እጄ ውስጥ እንደ ወባ በሽተኛ ተንዘፈዘፈ፣
የወንበሩ ሞላ ጥርሴን ከጥርሴ እያጋጨ አለፈ።
ያጨድኩትን መስክ ዞሬ ባየው፣
ጀማሪ ፀጉር ቆራጭ ዓይኑን ጨፍኖ የላጨው
የልጅ ጭንቅላት መስሏል፦
እዚህ ተላጭቷል፣ እዚያ ተነጭቷል፣ መሃሉ ቆሟል።

ሞተሩን አጥፍቼ ወደ በረንዳው ዞርኩ።
ኤልደን ግራ እጁን አነሳ።
ሁለት ጣት።

ስትሮክ ከመታው ወዲህ፣ ከመጋቢት ጀምሮ፣
ቃል የለውም፤ የቀረው ግራ እጁና ጆሮ።
ግን ምን ዓይነት ጆሮ!
ሚዙሪ፣ ቨርሴልስ መግቢያ፣ ከእህል ጎተራው ጎን፣
አርባ ዓመት ሲያክም የሰዉን ሞተር፣ የሰዉን ብሎን፣
ካምቢዮ ሲያቃስት ከመንገድ ማዶ ሰምቶ
"ዘይት ጠምቶታል" ይል ነበር፣ በሳንድዊች አፉን ሞልቶ።

ሁለት ጣት። እሺ፣ የቀትር ክኒኑ ሁለት ነው።
አመጣሁለት፤ ዋጠው።
አሁንም ሁለት ጣት።

ማጨጃውን በክሪክ አነሳሁ፣ የኦክ ጉማጅ አስደገፍኩ።
("ሃይድሮሊክ አይታመንም" ያለኝ እሱ ነው፣
የአጎቱን ልጅ በቀበርን ማግሥት ነው።)
በጀርባዬ ተንፏቅቄ ገባሁ፤
የበሰበሰ ሣር፣ ግራሶና መዥገር ተቀበሉኝ።
ዳዶው ጠብቋል። ስለቱን ገፋሁት፤
መወዛወዝ ሲገባው እምቢ አለ።
የሃርሽባርገሮች እሾሃማ ሽቦ አንገቱ ላይ ተጠምጥሟል፣
ላማቸው አምና የጣለችው፤ ዘንድሮ እኛን አንቋል።
በፒንሳ ቆራርጬ ነቀልኩት።
ከሁለቱ ስለት አንዱ ደህና ነው፤
ሌላው የኖራ ድንጋይ ሲቆረጥም ከርሞ አፉ የሽማግሌ ድድ ነው፣
ጫፉም በአውራ ጣት ያህል አጥሯል።
ቁልፉ ላይ ቧንቧ ሰክቼ፣ በሁለት እግሬ ገፍቼ ፈታሁት።

ዱዌይን ሱቅ ሄጄ "አንድ ስለት" አልኩት፤
"ጥንዱን ብትወስጂ..." ሲል አቋረጥኩት።
የሆስፒታሉ ደረሰኝ በዝቶ መሳቢያው አይዘጋም፤
ይህን ለዱዌይን አልነገርኩም።

አዲሱን ገጠምኩ። አስነሳሁ።
ባሰበት!
የመሣሪያ ሣጥኑ ወድቆ ተበተነ፣
ውሻው ከጎተራው ሥር ገባ።
ኤልደን? ሁለት ጣት።

"ሁለት ምን?" ብዬ ጮህኩ፣
በአርባ አንድ ዓመት ትዳር ባልጮህኩት ድምፅ፤
"ሁለት ልጅ? ሁለት ብድር? ሁለተኛ ስህተቴ? ንገረኝ!"
"ንገረኝ" ካልኩ በኋላ አፌን በእጄ ያዝኩ።

አልተቆጣም።
ጣቶቹን የበረንዳው እንጨት ላይ ጎን ለጎን አጋደመ፣
አንዱን አጠፈ፣ አሳጠረ፤
ከዚያ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ።
ደግሞ መታው ብዬ ሮጥኩ።
ዓይኑ ግን ይስቃል፤
ሆን ብሎ ነው፣ ማጨጃውን እየሆነልኝ ነው።

ስለቶቹን ፈትቼ ወደ ጓዳ አስገባሁ፣
ዱባ በምመዝንበት ሚዛን መዘንኩ።
ያ "ደህና ነው" ያልኩት አሮጌ
ከአዲሱ አንድ ፓውንድ ይቀላል፤
እሱም ሲበላ ኖሯል፣ በዝምታ።

በማግሥቱ ዱዌይን ምንም ሳልል
የጥንዱን ሁለተኛ ከመደርደሪያው ሥር አወጣ፤
ከትናንት ጀምሮ በጠመኔ ስሜ ተጽፎበታል፦ ኦሌታ።

ከሰዓት በኋላ መስኩ ላይ ወጣሁ።
ድምፁ አንድ ሆነ፣ ወፍራም፣ ልዝብ፤
ሣሩ ሳይጎተት ተኛ።
ወደ በረንዳው ዞሬ አየሁ፦
አንድ ጣት።
ልቤ ቀጥ አለ። ሞተሩን አጥፍቼ ዘለልኩ፣ ሮጥኩ፣
"ምን? ምን ሆንክ?"
ጣቱ እኔን አልፎ ወደ ኩሬው ዳር ያመለክታል፤
ትቼው የመጣሁት አንድ መስመር ሣር
እዚያ ቆሟል።