ዞሮ ዞሮ

ዓርብ በማለዳ ዓራድ ስንደርስ፣
ነፋሱ ከመሙ አሸዋ ሲያፍስ፣
ሊራን ጎማ ለካ፤ አዛናው ተኛ
ከሱባሩው ሆድ ሥር፣ እንደ በሽተኛ።

ልምምድ ላይ ዲናሞው ተቃጥሎ ቀረ።
ሊራን ሲሳደብ እሱ አላማረረ፤
ከመጣንበት ከሚስቱ መኪና
ዲናሞ ነቀለ፣ ዞር ዞር አለና፤
«ለስንዱ አትንገሩ!»

አሥራ ሁለት ዙር። ከአሥራ አንድ ዘጠነኛ።
ዋንጫ የበላን ይመስል ጮኽን እኛ።

ስልክ ተደወለ። «የት ደረሳችሁ?»
«መንገድ ላይ» አለ፣
ግሪሱን በሱሪው እየጠረገ።
ሁለቱ ብሎን ገባ፤ ሦስተኛው በእጁ እንዳለ
ፀሐይ ጠለቀች።
መፍቻውን አስቀመጠ። ሰንበት ናት።

ዞሮ ዞሮ ከቤት ይላሉ፤
እኛ አሥራ ሁለቴ ዞረን
ጎማ ላይ ልናድር ነው።
ነገ ማታ፣ ሦስት ኮከብ ሲታይ፣
አንድ ብሎን።